የመንጋጋዋ ዘበኛ

እናትየው አፏን ከፍታ ከሳቀች ስምንት ወር ሞላት። ተጋነነ እንዳትሉ፤ ልጅቷ ቀኑን ከነሰዓቱ ታውቀዋለች። ጉዱን ሁሉ ያመጣው ያ የመጨረሻው ሳቅ ነዋ!

የሆነው እንዲህ ነው። እናትየው ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ መንገድ ዳር ያለች ባለ አንድ መስኮት ክፍል ናት፤ ሁለት የስፌት ማሽን ፊት ለፊት ተፋጠው የተቀመጡባት፣ መሃሏ ላይ ትልቅ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥጓ ላይ ደግሞ ጭንቅላት የሌላት የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት የቆመችባት። በአንዱ ማሽን እሷ ትሰፋለች፣ በሌላው ባልደረባዋ። ባልደረባዋን ሰው ሁሉ «መቀስ» ነው የሚላት። ለምን መሰላችሁ? ምላሷ! ጨርቁንም ሰዉንም እኩል ስትቆርጥ የኖረች ሴትዮ ናት።

ያን ቀን አንድ ቦርጫም ሰውዬ ሱሪ ሊለካ መጣ። ሜትሩ ወገቡ ላይ ሲዞር ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ፊቱ ቲማቲም እስኪመስል ድረስ ደርቆ ቆመ። መቀስ ሜትሩን አየት፣ ሰውዬውን አየት አደረገችና፣ «ጌታዬ፣ ሱሪውን በለበሱት ቁጥር እንዲህ ሳይተነፍሱ ነው የሚውሉት? እንደሱ ከሆነ ከፈኑንም አብረን እንቁረጥልዎት» አለችው።

ሰውዬው ራሱ ሳቁ አመለጠው። ሆዱ ቡፍ ብሎ ሲወጣ ሜትሩ ከመቀስ እጅ ተፈናጠረ። እናትየው ደግሞ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን እስከ ጥግ ከፍታ ተንከተከተች። ከዚያ ከጆሮዋ ስር «ቀጭ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

አፏ ተከፍቶ ቀረ። በቃ፣ ቀረ!

መቀስ መጀመሪያ ላይ ገና እየሳቀች መስሏት አብራት ሳቀች፤ እስከ ዛሬ ራሷን ይቅር ያላለችው በዚህ ነው። ልጅት ግን ከትምህርት ቤት መጥታ በር ላይ ቆማ ነበርና የእናቷን አይን አየችው። አይኑ አይስቅም። እንባ ሞልቶታል። ለሃጯ በአገጯ እየወረደ፣ እጇ አየር እየጨበጠ፣ «አ… አ…» ትላለች፤ እናት የምታህል ነገር!

ክሊኒክ ሲደርሱ ሐኪሙ ሁለቱን አውራ ጣቶቹን በፋሻ ጠቅልሎ አፏ ውስጥ ከተተ፤ የታች መንጋጋዋን ወደ ታች ተጭኖ ወደ ኋላ ገፋው። ሌላ «ቀጭ»። ገባ። ከዚያ ሐኪሙ እጁን እየታጠበ፣ «ለሁለት ሳምንት ለስላሳ ምግብ፣ አፍን በሰፊው አለመክፈት፣ ጠንካራ ነገር አለመንከስ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ድሮው መመለስ ነው» አለ።

የመጀመሪያውን አረፍተ ነገር ልጅት እንደ መዝሙር ሸመደደችው። ሁለተኛውን ማን ሰማው? እናቷ አገጯን በሁለት እጇ ይዛ እያለቀሰች እኮ ነው። ቤት እንደገቡ ልጅት በቀይ እስክሪብቶ፣ በትልቁ፣ «አፍ አይከፈትም! ጠንካራ ነገር አይነከስም!» ብላ ጽፋ ኩሽና ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ቀን የለው፣ ሳምንት የለው፣ እንዲሁ አዋጅ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀስ ልጅቷን «ዘበኛዋ» ማለት ጀመረች። እውነትም ዘበኛ! ድንቹን ቀቅላ ታደቅቀዋለች፣ ካሮቱን ትፈጫለች፣ ሾርባውን በወንፊት ታጠላለች፣ ሙዙን እንኳ በማንኪያ ጀርባ ትጨፈልቀዋለች። አንድ ጊዜ እርጎ ውስጥ የእንጆሪ ፍሬ አግኝታ ሳህኑን ከእናቷ እጅ ነጥቃ ደፋችው። ደግሞ ደስ ይላት ነበር፤ ለምን ይዋሻል? ጓደኞቿ እንቁላል መጥበስ አይችሉም፣ እሷ ግን የእናቷን ጤና በእጇ ይዛለች! እናትየው ለመናገር ከንፈሯን ገና ስታላቅቅ፣ «እማ! ተይ! ቀስ!» ብላ መዳፏን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ትዘረጋለች።

ስለዚህ እናትየው በጥርሷ መሃል ማውራት ለመደች። ደንበኛ ሲመጣ ትነቀንቃለች። ስልክ አታነሳም። ሰው የተቆጣች ይመስለዋል። አንዷ ሴትዮማ ቀሚሷን ተቀብላ ስትወጣ፣ «ምን አደረግኳት? ሰላምታ እንኳ ነፈገችኝ እኮ» ብላ መቀስን ጠየቀቻት። መቀስ እንደ ድሮው ቢሆን አንድ ነገር ጣል ታደርግ ነበር። አሁን ግን፣ «አመም አድርጓት ነው እመቤቴ» ብላ ዝም። ቀልድ ትታለች። ሳቅ ነው መንጋጋ ያወለቀው፣ ሳቁን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ አለች በልቧ፤ አፏን ዘጋች። ሱቋ ውስጥ የሚሰማው የማሽን ድምፅ ብቻ ሆነ። መቀሷ ደነዘች።

አንድ ከሰዓት ልጅት፣ «እማ፣ አሁንም ያምሻል?» አለቻት።

እናትየው የጀመረችውን ጠርዝ ጨርሳ ማሽኑን አቆመች። «ህመሙስ ደህና ነው» አለች፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ። «ድምፁ ነው። አንድ ስፌት ከመቀደዱ በፊት ሰምተሽው ታውቂያለሽ? መጀመሪያ አንድ ክር ትበጠሳለች፤ ጠቅ ትላለች። ጨርቁ ምንም የሆነ አይመስልም። ትንሽ ቆይቶ ሌላ፣ ጠቅ። ከዚያ አንድ ቀን ሰውዬው ቁጭ ሲል ጠቅላላ ይተረተራል።» ጆሮዋ ስር በጣቷ ነካች። «ይኼ ስንት ዓመት ሙሉ ጠቅ ሲል ነበር። ክር በጥርሴ ስበጥስ፣ ስፒል ነክሼ ስሰፋ፣ ዚፕ ስገጥም ጥርሴን ሳፋጭ። አልሰማሁትም። አሁን ስንት ክር እንደቀረኝ አላውቅም የኔ ልጅ። አንድ ይሁን፣ ሁለት ይሁን።»

ልብስ ሰፊ ባትሆን እንዲህ ታስብ ነበር? በፍጹም! ሌላ ሰው «ጠቅ አለ» ብሎ ያልፋል። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ሲለቅ የሰማችው ነገር ስፌት ነው፤ አጥንቷንም እንደ ስፌት ሰማችው። ልጅትም አመነቻት። ለምን አታምናት? በነጋታው የደቀቀውን ድንች ደግማ በወንፊት አሳለፈችው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንተኛው ወር መጣ። አንድ ቅዳሜ ልጅት ልብስ እየተኮሰች ነው። የእናቷን ግራጫ ቀሚስ፣ ያንን ሱቅ የምትውልበትን፣ ጎኑን ልትተኩስ ገለበጠችው። ካውያው እጇ ላይ ቀረ።

በጎንና በጎኑ፣ በውስጥ በኩል፣ አራት መስመር ስፌት። አንዱ በጥቁር ክር። ከሱ ወደ ውስጥ አንድ ጣት ገባ ብሎ ሌላ፣ በሰማያዊ። ደግሞ ሌላ፣ በቡኒ። የመጨረሻው ነጭ ነው፤ ግራጫ ላይ ነጭ! እናቷ በሕይወቷ ለደንበኛ እንዲህ ያለ ነውር ሠርታ አታውቅም። ያን ቀን ማሽኑ ላይ ያገኘችውን ክር እንዳለ ተጠቅማ፣ ማንም ሳያይ፣ ቶሎ ቶሎ አጥብባዋለች ማለት ነው። አራት ጊዜ። ቀሚሱ በውጭ ሲያዩት ልክክ ያለ ነው፤ ለዚህ ነዋ ማንም ያላወቀው! ሰው እየከሳ ልብሱ ካልሰፋው፣ መክሳቱ በምን ይታያል?

ልጅት ካውያውን ነቅላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ቀሚሱን አቀፈችው። የደቀቀው ድንች፣ የተጠለለው ሾርባ፣ ያ ሁሉ ኩራት፣ እዚህ ነው ለካ የገባው። በእጇ ይዛው የነበረው የእናቷ ጤና አልነበረም።

እናትየው ስትገባ ቀሚሱን ገልብጣ አሳየቻት።

«ልብሱ ለቆ ነው» አለች እናትየው።

«አራት ጊዜ?»

እናትየው ጫማዋን አወለቀች፣ ቦርሳዋን ሰቀለች፣ ከዚያ በጥርሷ መሃል፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «እየራበኝ ነው እኮ» አለች። «ሁልጊዜ ይርበኛል። ግን ማንኪያው አፌ ጋ ሲደርስ ፍርሃቱ ረሃቡን ይቀድመዋል።»

ልጅት በነጋታው መቀስ ቤት ሮጠች። ነገሩን ስትሰማ መቀስ አልተቆጣችም፣ አልጮኸችም፤ ነጠላ ጫማዋን ቀይራ ወጣች፤ ማንን እንደጠየቀች እንጃ፣ ለማክሰኞ ቀጠሮ ይዛ ተመለሰች። የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕክምና የምትሠራ ሴት አለች ተባለ። እናትየው «አልሄድም» አለች። «አስገድደው ይከፍቱኛል።»

«ማንም አይከፍትሽም» አለች መቀስ። «የሚያስገድድሽ ካለ ጣቱን ነክሰሽ ጣይለት።» ካለች በኋላ ደነገጠች፤ በስምንት ወር ውስጥ የመጀመሪያ ቀልዷ ነዋ፣ ያውም ስለ መንከስ። እናትየው አልሳቀችም። ግን ሄደች።

የሴትዮዋ ክፍል ጠባብ ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ መስታወት፣ መደርደሪያ ላይ መንጋጋው በሽቦ የሚንቀሳቀስ የፕላስቲክ የራስ ቅል። ሴትዮዋ ጥፍሯን አሳጥራ የቆረጠች፣ እጇ ሞቅ ያለ፣ የማትቸኩል ናት። «ጣትሽን ደርድረሽ አፍሽ ውስጥ አስገቢ፤ የራስሽን ጣት፣ ህመም እስካልመጣ ድረስ» አለቻት እናትየውን። አንድ ጣት ገባ። ሁለተኛው ጫፉ ላይ ቆመ። «አንድ ተኩል። የደህና ሰው ሦስት ነው።» ከዚያ ጉንጯን በጣቷ ዳበሰች። «ይኼ ጡንቻ ድንጋይ ሆኗል። ምን እየጠበቅሽበት ነው?»

እናትየው ስለ ስፌቱ ነገረቻት። ስለ ክሩ፣ ጠቅ ስለሚለው። ልጅት ሴትዮዋ ትስቅባታለች ብላ ተሸማቀቀች። አልሳቀችም። የራስ ቅሉን አወረደችና መንጋጋው ከጆሮ ፊት የሚገጥምበትን ቦታ አሳየቻቸው። «እዚህ መሃል ትንሽ ትራስ አለች፣ ለስላሳ። አንቺ ጋ ትራሷ ከቦታዋ ሸርተት ብላለች፤ ስትከፍቺ ትመለሳለች፣ ያኔ ጠቅ ትላለች። የሚበጠስ ነገር የለም። ስፌት አይደለማ፤ ስፌት ራሱን አይጠግንም፣ ይኼ ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው።» ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «ማሽንሽን ስምንት ወር ብታቆሚውስ?» አለቻት።

«ይደርቃል» አለች እናትየው ወዲያው። «ዘይቱ ይረጋና ጎማው አልዞር ይላል።»

«ያኔ ምን ታደርጊዋለሽ?»

እናትየው የማሽን ጎማ እንደያዘች ሁሉ እጇን በአየር ላይ አዞረች። «በእጅ፣ ቀስ ብዬ አዞረዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «መጀመሪያ ይንገጫገጫል።»

ሴትዮዋ መስታወት ፊት አስቀመጠቻት። ጉንጯ ላይ ሞቅ ያለ ፎጣ፣ ምላስ ላንቃ ላይ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መክፈት፣ ቀስ ብሎ መዝጋት። እናትየው ጀመረች። ትንሽ፣ ትንሽ፣ ከዚያ «ጠቅ»። ወዲያው አይኗ ከመስታወቱ ወጥቶ ልጅቷ ላይ ተተከለ፤ አፏም ተዘጋ። እንደገና። «ጠቅ»፤ አይኗ ልጅቷ ላይ፤ ተዘጋ። ሦስተኛ ጊዜም እንደዚያው።

ሴትዮዋ ዞር ብላ ልጅቷን አየቻት። ልጅት ሳታውቀው ከወንበሯ ግማሽ ተነስታለች፣ መዳፏ ተዘርግቷል፣ አይኗ ፈጧል።

«የኔ እህት፣ እስቲ ኮሪደሩ ላይ ጠብቂን» አለቻት ሴትዮዋ፣ በደግነት።

ወይ ጉድ! እሷ? ውጪ? ስምንት ወር ሙሉ ያገላበጠች፣ የፈጨች፣ የቀመሰች? ኮሪደሩ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ መጀመሪያ በንዴት፣ በኋላ በምን እንደሆነ ሳታውቅ። ከሩብ ሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና ሴትዮዋ ብቻዋን ወጣች፤ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ሁለት ጣት ከፈተች» አለቻት።

ልጅት እንባዋን ጠረገች። «እኔ ስወጣ?»

«አንቺ ስትወጪ።» ሴትዮዋ አልሸፋፈነችም። «እናትሽ ትፈራለች፤ የራሷ ፍርሃት አላት። ግን ድምፁ በመጣ ቁጥር ‹እንዴት ነኝ?› ብላ የምትጠይቀው አንቺን ነው። ፊትሽ ደግሞ ‹አለቀልሽ› ይላታል። አጥፍተሻል አላልኩም። ፊትሽን ግን ታሠለጥኚዋለሽ።»

ፊት ይሠለጥናል እንዴ? ይሠለጥናል! መቀስ አሠልጣኝ ሆነች። እናትየው ለደንበኛ ልብስ ልታደርስ ስትወጣ፣ መቀስ ከጀርባዋ ይዛ የምትደብቃትን ባለ ጠቅታ የብረት ቁልፍ፣ ያቺን ሸሚዝ ላይ የምትገጠመዋን፣ ድንገት «ጠቅ!» ታደርጋታለች። ልጅት ካልደነገጠች አለፈች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግን ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር።

«አየሽው ፊትሽን?» ትላታለች መቀስ። «ውሃ የተደፋባት ድመት!»

«ምን ላድርግ እትዬ፣ ልቤ ነው እኮ!»

«ልብሽን ማን አየው? እሱ እንደፈለገ ይዝለል። እኔ የምፈልገው ከአንገት በላይ ነው። እንደገና!»

እናትየው ደግሞ ጠዋትና ማታ በመስታወት ፊት በር ዘግታ ትለማመዳለች። ቀይ ጽሑፉ ከግድግዳ ወረደ። የተጨፈለቀ ሙዝ ቀርቶ በሹካ የሚቆረስ ሙዝ፣ ከዚያ የተቀቀለ ካሮት። ሁሉም ነገር እንዲሁ ቀጥ ብሎ ሄደ ብላችሁ እንዳታስቡ። በአራተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት መንጋጋዋ እንደ እንጨት ደርቆ፣ ጆሮዋ ድረስ እየጠዘጠዛት ነቃች። ሦስት ቀን ሾርባ። ልጅት ወንፊቱን ከመሳቢያ ስታወጣ ውስጧ ደስ ሲላት ያዘችው፤ አዎ፣ ደስ! እንደ ድሮው ልትሆን ነው፣ ዘበኛ፣ አስፈላጊ። እጇ ላይ ወንፊቱን እያየች በራሷ በጣም አፈረች። መልሳ አስቀመጠችው። ሴትዮዋ ጋ ደወለች፤ ሴትዮዋም፣ «ሲያማት ትቀንስ፣ አታቁም» አለቻት። ሾርባው ሳይጠለል፣ ከነካሮቱ ቀረበ። እናትየው ሳህኑን አየችው፣ ልጅቷን አየቻት፣ በላችው።

በስምንተኛው ሳምንት፣ በምሳ ሰዓት፣ ሦስቱም ሱቁ ውስጥ ናቸው። ማሽኖቹ ቆመዋል። የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ጨርቁ ወደ ጎን ተገፍቶ ጋዜጣ ተነጥፏል። መቀስ የራሷን እንቁላል እየላጠች ነው። ልጅት ዳቦዋን ማርማላታ ቀብታዋለች። እናትየው የዳቦው ከረጢት ውስጥ እጇን ከተተችና፣ የዳቦውን ልብ ትታ፣ ዳር ያለውን ቅርፊቱን ቆረሰች። ያንን ቡናማውን፣ ጠንካራውን። ማንም ብዪ አላላትም።

ወደ አፏ ወሰደችው። አፏ ተከፈተ። ነከሰች። ስትጎትተው፣

«ጠቅ!»

በቆመ ማሽን ዝምታ ውስጥ ያ ድምፅ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ! መቀስ እንቁላሏን እንደያዘች ደረቀች። የእናትየው መንጋጋ ቆመ። ቅርፊቱ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ። አይኗ ቀስ ብሎ ተነሳና ልጅቷ ላይ አረፈ።

የልጅት ልብ እንደ ፈለገው ዘለለ። መዳፏ ከጠረጴዛው ስር ጉልበቷን ጨምቆ ያዘ። ከአንገቷ በላይ ግን አላመጠች። ዋጠች። ደግሞ ጎረሰች። እናቷ እያየቻት ነው፤ አሁንም እያየቻት ነው፤ እየጠየቀቻት ነው። አንድ ነገር ማለት አለባት፣ ምንም ይሁን ምን፣ ሰው ምሳ ላይ የሚለውን ዓይነት ነገር።

«እማ፣ ጨው አቀብዪኝ እስቲ።»

እናትየው ትንሽ ቆየች። በጣም ትንሽ፤ ለልጅት ግን አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ያህል ነበር። ከዚያ መንጋጋዋ ተንቀሳቀሰ። በቀኝ። ቀስ ብሎ በግራ። ቅርፊቱ ጥርሷ መሃል ሲሰባበር ተሰማ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ አንድ ሌላ ትንሽ «ጠቅ»፣ ግን አላቆመችም። እጇን ዘርግታ የጨው ብልቃጡን ወደ ልጅቷ ገፋችው። «ዳቦው ደረቅ ነው» አለች፣ አፏ እንደሞላ። «ነገ ከሌላኛው ዳቦ ቤት ግዢ።»

«እሺ» አለች ልጅት።

መቀስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ የእንቁላሉን ልጣጭ አንድ በአንድ እየለቀመች።

ልጅት ብልቃጡን አነሳች። ጨው የሚፈልግ ነገር ፊቷ አልነበረም፤ ያለው ማርማላታ የተቀባ ዳቦ ብቻ ነው። እናቷ እያየች ስለሆነ ግን ነሰነሰችበት፤ ብልቃጡን ሳታይ ስለነበር በጣም በዛ። እና ሁሉንም፣ እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ፣ ፊቷን ሳትለውጥ በላችው።